የክረምት ትኬት ታሪክና የእኛ ሒሳብ

ደብረ ታቦር ላይ ክረምት ዝናብም እንግዳም ይዞ ይመጣል። ሰኔ ገብቶ ጉና በደመና ሲሸፈን፣ አሜሪካና አውሮፓ ላሉት የልጅ ልጆቻችን ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ቤተሰብ ተጠራርቶ አገር ቤት የሚመጣውም በዚሁ ጊዜ ነው። ቡሄን ከዘመድ ጋር ማክበር፣ ሕፃናቱን ለአያት ማሳየት፣ በሌሉበት ያለፈ ዘመድ ካለ ለቅሶ መድረስ፣ ሁሉም ለእነዚህ ሦስት ወራት ይቀጠራል። ሆኖም ብዙዎቻችን የምናውቀው ሌላም ነገር አለ። ጥር ላይ «ዘንድሮ እንመጣለን» የተባለው ጉዞ ግንቦት ላይ «ትኬቱን አልቻልነውም፤ ለከርሞ ይሁን» ተብሎ ይቀራል። ለወጣት ሰው ከርሞ ቅርብ ነው። ሰማንያ ዓመት ለተጠጉ እናት ግን ከርሞ ቃል የሚገባበት ጊዜ አይደለም።

እኛ የማኅበሩን ሒሳብ የምንይዝ አባላት በዚህ እትም ስለ ትኬት ዋጋ ታሪክ ለመጻፍ የተነሣነው በዚህ ምክንያት ነው። ዋጋው ከየት እንደመጣ ያወቀ ቤተሰብ የትኛው ክፍል በእጁ እንዳለ፣ የትኛው ደግሞ ከአቅሙ በላይ እንደሆነ ይለያል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ትኬት ከመኖሩ በፊት

ከአገራችን ደጋ ተነሥቶ ባሕር መሻገር ጥንትም ነበር። ኢየሩሳሌምን ለመሳለም የሚወጡ ምእመናን በምፅዋ ወይም በሱዳን በኩል ወራት የሚፈጅ መንገድ ይሄዱ ነበር። ዋጋው በገንዘብ ብቻ አይተመንም፤ ስንቅ፣ በቅሎ፣ ጤናና ዕድሜ ጭምር ይከፈልበት ነበር። ብዙው ሰው ቤተሰቡን ተሰናብቶ የሚወጣው ላይመለስ እንደሚችል እያወቀ ነው።

ከተማችን በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሷ ምዕራፍ አላት። በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጡ ባለ እጆች በአቅራቢያችን በጋፋት ተቀምጠው መድፍ ይሠሩ ነበር። ንጉሡ በ1855 ዓ.ም. መጀመሪያ ለእንግሊዟ ንግሥት ለቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ፤ መልሱን የያዘው መልእክተኛ ራሳም እዚህ የደረሰው ግን በ1858 ዓ.ም. ነበር። ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ በ1853 ዓ.ም. በደብረ ታቦር ተወለደ። ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በ1860 ዓ.ም. በሰባት ዓመቱ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ገና ወደቡ ሳይደርሱ በመንገድ ላይ አረፉ። ልዑሉም አገሩን ዳግመኛ ሳያይ በ1872 ዓ.ም. በአሥራ ስምንት ዓመቱ ሞቶ በዊንዘር ተቀበረ። በዚያ ዘመን ለአንድ ሕፃን የመመለሻ መንገድ የሚከፍለው መንግሥት ብቻ ነበር፤ ለዓለማየሁ ደግሞ ማንም አልከፈለለትም።

ዋጋው በስብሰባ ሲወሰን

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቋመ። መጋቢት 30 ቀን በዚያው ዓመት የመጀመሪያውን በረራ ከአዲስ አበባ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። አውሮፕላኖቹ ከጦርነቱ የተረፉ ዳኮታዎች ነበሩ፤ መንገደኛው ግራና ቀኝ በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፣ ዕቃው መሐል ላይ ይጫናል። እነዚሁ ዳኮታዎች የሣር ሜዳ ላይ እያረፉ መኪና በቀላሉ የማይደርስባቸውን የክፍለ ሀገር ከተሞች ያገናኙ ነበር። ደብረ ታቦርም እስከ ዛሬ በዓለም አቀፉ የአውሮፕላን ማረፊያዎች ዝርዝር ውስጥ «ዲ ቢ ቲ» የሚል የራሷ ምልክት አላት። ዛሬ ግን እኛ አውሮፕላን የምንሳፈረው ከባሕር ዳር ወይም ከጎንደር ነው።

አየር መንገዱ በ1950 ዓ.ም. ፍራንክፈርት ገባ፤ በ1955 ዓ.ም. የጄት አውሮፕላን ተረከበ። መንገዱ አጠረ፤ ዋጋው ግን ለተራው ሰው አልቀረበም። ምክንያቱም በዚያ ዘመን የዓለም አቀፍ በረራ ዋጋ በገበያ አይወሰንም ነበር። በ1937 ዓ.ም. በሃቫና የተመሠረተው የአየር መንገዶች ማኅበር፣ አያታ የሚባለው፣ አባላቱን እየሰበሰበ በየመስመሩ የሚከፈለውን ይተምን ነበር፤ መንግሥታትም ያጸድቁት ነበር። በአንድ መስመር ላይ የሚበሩ አየር መንገዶች ተመሳሳይ ዋጋ ስለሚያስከፍሉ «የትኛው ይረክሳል?» ብሎ ማፈላለግ ብዙም ጥቅም አልነበረውም። በዚያ ዘመን ከአገራችን ባሕር ማዶ የሚሄደው በአመዛኙ የመንግሥት ባለሥልጣን፣ ነጋዴ፣ ወይም የትምህርት ዕድል ያገኘ ተማሪ ነበር። ተማሪው ትምህርቱን እስኪጨርስ ዓመታት ይቆያል፤ እናቱ የምታገኘው ደብዳቤና ፎቶግራፍ ነው።

አንድ ወንበር፣ ብዙ ዋጋ

ለውጡ የጀመረው አሜሪካ ውስጥ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በ1971 ዓ.ም. መጀመሪያ ባወጣው ሕግ በአገር ውስጥ በረራ ዋጋ ላይ የነበረውን ቁጥጥር ማንሣት ጀመረ። አየር መንገዶች በዋጋ መፎካከር ሲጀምሩ አዲስ ዘዴ ፈጠሩ። በ1977 ዓ.ም. አሜሪካን ኤርላይንስ ቀደም ብሎ ለሚገዛ መንገደኛ በጣም የረከሰ፣ ዘግይቶ ለሚመጣው ደግሞ የተወደደ ዋጋ በአንድ አውሮፕላን ውስጥ በስፋት መሸጥ ጀመረ። ይህ አሠራር ቀስ በቀስ ዓለምን ሁሉ አዳረሰ።

ዛሬ የምናየው ዋጋ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ተራ በሚባለው ክፍል ያሉት ወንበሮች ቢመሳሰሉም በኮምፒውተሩ ላይ በፊደል የተለዩ ብዙ እርከኖች አሏቸው። በርካሹ እርከን የሚቀመጡት ወንበሮች ጥቂት ናቸው፤ ሲያልቁ ወደሚቀጥለው ይታለፋል። ስለዚህ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሰዎች የከፈሉት በእጅጉ ሊለያይ ይችላል። ብዙ ሰው እንደሚመጣ በሚታወቅበት ወር አየር መንገዱ ርካሹን እርከን ያጠብበዋል ወይም ጨርሶ ይዘጋዋል። ከአሜሪካና ከአውሮፓ ወደ አዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው ይህ ወር ሰኔና ሐምሌ ነው፤ ሲመለስ ደግሞ ነሐሴ። የእኛ ልጆች ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሌላውም ሕዝብ ልጆች ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ፣ የክረምት ትኬት ውድነት ሁሉም በአንድ ሳምንት ለመንቀሳቀስ ከመፈለጉ የመጣ ነው።

አቀማመጣችንም የራሱ ድርሻ አለው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ትልቅ አውሮፕላን ነዳጁንና መንገደኛውን ሙሉ ጭኖ ከዚያ መነሣት ይቸግረዋል። በግንቦት 24 ቀን 1976 ዓ.ም. የአየር መንገዳችን አዲሱ ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን አዲስ አበባ በ13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ያለ ማረፊያ በርሮ ለባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ክብረ ወሰን አስመዘገበ። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው ግን መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ሲሞላ ኖሯል። ተጨማሪው ማረፊያና ነዳጅ ደግሞ ወጪ አለው።

ዶላሩና ብሩ

ሦስተኛው ኃይል ምንዛሪ ነው። ትኬት አዲስ አበባ ላይ በብር ቢሸጥም የዓለም አቀፍ በረራ ዋጋ መነሻው ዶላር ነው። ለንጽጽር እንዲመቸን 1,000 ዶላር የሚያወጣ ትኬት እንውሰድና በዶላር ዋጋው ከቶ አልተለወጠም ብለን እናስላ።

ብራችን በ1937 ዓ.ም. ሲወጣ አንድ ዶላር ወደ 2 ብር ከ50 ሳንቲም ነበር፤ ትኬቱም 2,500 ብር ገደማ ማለት ነው። ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ ዶላሩ 2 ብር ከ7 ሳንቲም ሆነ፤ ትኬቱ ወደ 2,070 ብር ወረደ። ይህ ምንዛሪ በደርግ ዘመን ሁሉ ሳይነቃነቅ ቆየ። በመስከረም 1985 ዓ.ም. ዶላሩ 5 ብር ሲገባ ያው ትኬት 5,000 ብር ሆነ። በነሐሴ 2002 ዓ.ም. መጨረሻ 16,350 ብር ደረሰ። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ወደ 27,000 ብር ተጠጋ። ሐምሌ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ወደ 57,000 ብር ነበር፤ ምንዛሪው ለገበያ በተለቀቀበት ዕለት፣ ሐምሌ 22፣ ወደ 75,000 ብር ዘለለ። ከሳምንታት በኋላም 100,000 ብር አለፈ።

ይህን ስሌት ያየ ሰው አንድ ነገር ይገባዋል። ትኬት ለመቁረጥ ብላ ለሁለት ዓመት በብር ስታጠራቅም የኖረች እናት፣ አንድም ቀን ሳታጓድል ብታስቀምጥ እንኳ ትኬቱ እየራቃት ሊሄድ ይችላል። ጉድለቱ የእርሷ የቁጠባ ድክመት አይደለም፤ የምታጠራቅመው በአንድ ገንዘብ፣ የምትገዛው በሌላ ገንዘብ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ከሒሳብ አንጻር የምንመክረው ክፍፍል ይህ ነው፦ በዶላር ወይም በዩሮ ገቢ ያለው የቤተሰብ አባል ትኬቱን ይሸፍን፤ በብር የሚያጠራቅመው እዚህ ያለው ቤተሰብ ደግሞ በብር የሚከፈለውን ይያዝ። የፓስፖርት ወጪ፣ ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር የሚወስደው የመኪና ሒሳብ፣ አዲስ አበባ ላይ የሚያድሩበት፣ እንግዳ የሚስተናገድበት ሁሉ የብር ወጪ ነው። በዚህ መንገድ እናትም በልጇ ጉዞ ላይ ድርሻዋን ትወጣለች፤ ያጠራቀመችውም ገንዘብ በምንዛሪ አይበላባትም።

የቤተሰብ ትኬት እንዴት ይሰላል?

አሁን ወደ ተግባሩ እንግባ። የቤተሰብ ትኬት ከብቸኛ መንገደኛ ትኬት የሚለይበት ብዙ ነገር አለ።

አንደኛ፣ የልጆች ዕድሜ ነው። በተለምዶ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን በእናቱ ጭን ሆኖ ሲሄድ የአዋቂውን አሥር በመቶ ያህል ይከፍላል፤ ከሁለት እስከ አሥራ አንድ ዓመት ያለ ልጅ በብዙ አየር መንገዶች ሰባ አምስት በመቶ ገደማ፤ አሥራ ሁለት የሞላው እንደ አዋቂ ይቆጠራል። የአዋቂው ዋጋ 1,000 ዶላር ነው ብንል፣ አባትና እናት፣ የሰባትና የአራት ዓመት ልጆች፣ አንድ ሕፃን ያሉበት ቤተሰብ 3,600 ዶላር ያህል ያስፈልገዋል፤ ቀረጡ ለብቻው ነው። እዚህ ላይ ሊታለፍ የማይገባው ነገር ዕድሜ የሚቆጠረው በእያንዳንዱ በረራ ቀን መሆኑ ነው። ሕፃኑ እዚህ እያለ ሁለት ዓመት ከሞላው ለመመለሻው ወንበር መግዛት ግድ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ የአፈላለግ ዘዴ ነው። ለአምስት ሰው በአንድ ጊዜ ሲጠየቅ፣ በርካሹ እርከን የቀሩት ሦስት ወንበሮች ብቻ ከሆኑ፣ ኮምፒውተሩ ብዙ ጊዜ አምስቱንም በሚቀጥለው ውድ እርከን ያሰላቸዋል። ስለዚህ በመጀመሪያ ለአንድ ሰው፣ ቀጥሎ ለሁለት፣ ከዚያ ለሁሉም ጠይቆ ማነጻጸር ይጠቅማል። ልዩነት ካለ ትኬቱን ለሁለት ከፍሎ መቁረጥ ይቻላል፤ ነገር ግን ልጅ ያለ አዋቂ ለብቻው እንዳይመዘገብ፣ ሁለቱ ምዝገባዎችም እርስ በርስ እንዲጠቀሱ ማሳሰብ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ቀኑ ነው። ቡሄ ነሐሴ 13 ነው፤ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ሦስት ሳምንታት ይከፈታሉ። በዚህም የተነሣ ቡሄን ውሎ የሚመለስ ሁሉ በአንድ ሳምንት ይጨናነቃል። ለጉዞው ቡሄ ግድ ካልሆነ ሰኔ መጀመሪያ መጥቶ ሐምሌ ላይ መመለስ ብዙውን ጊዜ ይቀላል። ቡሄ ግድ ከሆነ ደግሞ የመመለሻው ወንበር ከሁሉ በፊት መያዝ አለበት። ከሳምንቱ መጨረሻ ይልቅ ማክሰኞና ረቡዕ መብረርም ሊረክስ ስለሚችል መጠየቁ አይከፋም።

አራተኛ፣ የመጨረሻው መንገድ ነው። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ወይም ጎንደር የሚያደርሰው በረራ ከረጅሙ ትኬት ጋር አብሮ ቢቆረጥ ይሻላል፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በራሱ በረራ ከውጭ ለሚመጣ መንገደኛ በአገር ውስጥ ትኬት ላይ ቅናሽ ሲያደርግ ቆይቷል። ከባሕር ዳር ደብረ ታቦር በወረታ በኩል 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይሁን እንጂ ያለንበት ጊዜ ይታወቃል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ወደ ባሕር ዳርና ጎንደር የሚደረገው በረራ ለቀናት ተቋርጦ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለ። ከደብረ ታቦር ወጥቶ በዚያው ቀን ባሕር ማዶ ለመብረር ማቀድ አደጋ ስላለው፣ ሁለት ሦስት ቀን አስቀድሞ አዲስ አበባ መግባትና ቀኑ ሊለወጥ የሚችል ትኬት መምረጥ ይበጃል። ቀን የማይለወጥ ርካሽ ትኬት መንገድ ሲዘጋ ከሁሉም የተወደደ ይሆናል።

አምስተኛ፣ ማስረጃው ነው። ድሮ ትኬት እንደ ደረሰኝ ጥራዝ ቅጠል ቅጠል ያለው ወረቀት ነበር። ከግንቦት 24 ቀን 2000 ዓ.ም. ጀምሮ አየር መንገዶች ወደ ኤሌክትሮኒክ ትኬት ተሻግረዋል። በዚህ ምክንያት ሰዎች ወንበር ማስያዝንና ትኬት መግዛትን ያምታታሉ። ስድስት ፊደልና ቁጥር ያለው የማስያዣ ምልክት ገንዘብ መከፈሉን አያረጋግጥም። የተከፈለበት ትኬት አሥራ ሦስት አኃዝ ያለው ቁጥር አለው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ በ071 ይጀምራል። ለወኪል ገንዘብ የሰጠ ሰው ይህን ቁጥርና ደረሰኙን ሳይቀበል አይለይ። በትኬቱ ላይ ያለው ስምም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል አንድ መሆን አለበት።

አያት ይሂዱ ወይስ ልጆች ይምጡ?

አንዳንድ ቤተሰብ ሌላ ስሌት ይሠራል። አምስት ሰው ከሚመጣ አያት ቢሄዱ አንድ ትኬት ይበቃል፤ በተለይ ልጅ ተወልዶ አራስ የሚጠይቅና ገንፎ የሚያገነፋ ሲፈለግ። አያት የትምህርት ቤት መዝጊያ ስለማይጠብቁም የክረምቱ ውድነት ካለፈ በኋላ መጓዝ ይችላሉ። በሒሳብ ዓይን ብልጫው ግልጽ ነው። ሌላው ወገን ግን መታየት አለበት። የአሜሪካ የጉብኝት ቪዛ ማመልከቻ 185 ዶላር ነው፤ ቪዛው ቢከለከል ገንዘቡ አይመለስም። ለቃለ መጠይቁ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ቪዛ ሳይመታ ትኬት አይቆረጥም።

ሌላም በሒሳብ የማይገባ ነገር አለ። አያት ቢሄዱ የልጅ ልጆቻቸውን ያያሉ፤ ልጆቹ ግን ጉናን፣ የዘመዶቻቸውን ቤት፣ የቀበሯቸውን ሰዎች ደብር አያዩም። የትኛው እንደሚቀድም የሚወስነው ቤተሰቡ ነው። እኛ የምንለው ሁለቱም በወረቀት ላይ ጎን ለጎን ተሰልተው ይታዩ ነው።

ዓረብ አገር በቤት ሠራተኝነት ላሉ እኅቶቻችን ጉዳዩ ይለያል። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት ሕጉ የመሄጃና የመመለሻ መጓጓዣ ወጪን በአሠሪው ላይ ይጥላል። በሕጋዊ መንገድ የሄደች እኅት ውሏን ጨርሳ ስትመለስ ትኬቷን ከደመወዟ እንድትገዛ ብትጠየቅ ይህን አስታውሳ መጠየቅ ትችላለች። የውሉ ቅጂም አገር ቤት ከቤተሰቧ እጅ ይኑር።

ከአሁኑ የሚደረገው

ታሪኩን ስንጠቀልለው የትኬት ዋጋ በሦስት ነገሮች ተቀርጿል፤ አየር መንገዶች ወንበራቸውን በሚሸጡበት መንገድ፣ በምንዛሪው፣ እና በትምህርት ቤት መዝጊያ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ልንለውጣቸው አንችልም። በእጃችን የቀረው የራሳችን የቀን መቁጠሪያ ነው። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው እንደሚባለው፣ የሐምሌው ጉዞ ውይይት ኅዳር ላይ፣ የትኬቱ ግዢ ከጥር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ቢሆን ርካሹ እርከን ሳይዘጋ ለመድረስ ዕድል ይኖራል። ግንቦት ላይ የተጀመረ ፍለጋ የተራረፈውን ያገኛል።

ለማኅበራችን ያቀረብነው ሐሳብም ይህን ይከተላል። በመስከረም የሚጀምር የጉዞና የእንግዳ ዕቁብ ቢቋቋም፣ ክረምት ላይ እንግዳ የሚጠብቁ ወይም ራሳቸው የሚጓዙ አባላት ዕጣው እንደየፍላጎታቸው በቅደም ተከተል ቢሰጣቸው፣ የብር ወጪው አስቀድሞ ይሸፈናል። ፓስፖርት የሌላቸው እናቶች ወረፋ ሳይበዛ እንዲያወጡ፣ ያላቸውም የሚያበቃበትን ቀን እንዲያዩ በየወሩ ስብሰባ ላይ እናስታውሳለን። ባሕር ማዶ ያላችሁ ደጋፊዎቻችንም ለመምጣት ካሰባችሁ ቀኑን ለእናቶቻችሁ ኅዳር ላይ ንገሯቸው። እነርሱ በርበሬውን፣ ሽሮውንና ድርቆሹን ከዚያው ጀምረው ያሰናዳሉ፤ እኛም ለሚፈልግ ቤተሰብ ሁሉ ስሌቱን በወረቀት ላይ አብረን እንሠራለን። ዘወትር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት እንገኛለን።